ከብላክ ሌብል ቀጥሎ ምን? ስኮች ውስኪ ለሚጀምር ሰው የንጽጽር መመሪያ

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ብሎ ሲደውል የብዙ ሰው መልስ አንድ ነው፤ ጆኒ ዎከር ብላክ ሌብል። ጥሩ መልስ ነው። ግን ያ ዘመድ ትራንዚት ላይ ዱቲ ፍሪ ሲገባ የሚያየው መደርደሪያ ሰፊ ነው። ግሌንፊዲክ አለ፣ ግሌንሊቬት አለ፣ ማካላን፣ ታሊስከር፣ ላፍሮይግ አለ። አንዱ ላይ 12 ተጽፏል፣ ሌላው ላይ 18። አንዱ «ሲንግል ሞልት» ይላል፣ ሌላው «ብሌንድድ»። ዋጋቸውም አይገናኝም። ሰው ግራ ሲገባው ወይ የለመደውን ያነሳል፣ ወይ ኪሱ እስከቻለ ድረስ ትልቁን ቁጥር ይመርጣል።

ከሁለቱም የተሻለ መንገድ አለ። ጀማሪ ስለ ስኮች ማወቅ ያለበት ብዙ ይመስላል እንጂ ሁለት ጥያቄ ይበቁታል። ጭስ አለው ወይስ የለውም? የተቀመጠውስ በምን ዓይነት በርሜል ነው? የእነዚህን መልስ ካወቃችሁ ጠርሙሱ ሳይከፈት ጣዕሙን ከሞላ ጎደል መገመት ትችላላችሁ። ክልሉ፣ ዕድሜውና ዋጋው ከዚያ በኋላ ይምጡ።

ስኮች የሚያሰኘው

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የብሪታንያ ሕግ ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። ውስኪው እንደ አረቄ የሚወጣው ስኮትላንድ ውስጥ መሆን አለበት። እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ እንጨት በርሜል፣ ቢያንስ 3 ዓመት መቀመጥ አለበት። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ አልኮሉ ከ40 በመቶ አያንስም። ከውሃና ከካራሜል ማቅለሚያ በቀር ምንም ነገር መጨመር አይፈቀድም።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙልኝ። ሰዎች ስለ ውስኪ ሲያወሩ «ማር ማር ይላል፣ ቫኒላ አለው፣ ዘቢብ ይሸታል» ሲሉ ማንም ማር ወይም ዘቢብ አልጨመረበትም። ከእህሉ፣ ከእርሾውና ከእንጨቱ የመጣ ነው። ሁለተኛው፣ ቀለም መጨመር ስለሚፈቀድ የጠቆረ ውስኪ ሁሉ ያረጀ አይደለም። በመልክ አትፍረዱ።

ብሌንድድ ወይስ ሲንግል ሞልት?

ሲንግል ሞልት ማለት በአንድ ዲስቲለሪ (ውስኪ በሚወጣበት ፋብሪካ) ውስጥ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በመዳብ ጋን የወጣ ውስኪ ነው። «ሲንግል» የሚለው ዲስቲለሪውን ነው። ከአንድ በርሜል የተቀዳ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ እንዲያ አይደለም። የአንድ ግሌንፊዲክ ጠርሙስ ውስጥ ያለው የብዙ በርሜሎች ድብልቅ ነው፤ ሁሉም ግን ግሌንፊዲክ ናቸው።

ግሬይን ውስኪ የሚባለው ደግሞ በብዛት ከስንዴ ወይም ከበቆሎ ይሠራል። የሚወጣውም ሳይቋረጥ በሚሠራ ረጅም የዓምድ ማሽን ነው። አይሪሹ ኤኒያስ ኮፊ ማሽኑን አሻሽሎ በ1830 የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። ቀለል ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ በርካሽም የሚመረት አልኮል ይሰጣል። ለብቻው ታሽጎ ሲሸጥ «ሲንግል ግሬይን» ይባላል። ለጀማሪ አስቸኳይ አይደለም፤ እለፉት።

ከብዙ ዲስቲለሪዎች የመጣ ሞልትና ግሬይን ሲደባለቅ ብሌንድድ ስኮች ይሆናል። ጆኒ ዎከር፣ ቺቫስ ሪጋል፣ ባለንታይንስ፣ ፌመስ ግራውስ፣ ጄ ኤንድ ቢ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። በዓለም ላይ ከሚሸጠው ስኮች አብዛኛው ብሌንድድ ነው። ታሪኩም ደስ ይላል። ጆን ዎከር በ1820 ኪልማርኖክ በምትባል ከተማ ግሮሰሪ ከፈተ። በዚያ ዘመን የአንድ ዲስቲለሪ ውስኪ ዛሬ ጥሩ፣ ነገ መጥፎ ሊሆን ይችል ነበር። ነጋዴዎቹ ከተለያየ ቦታ የመጣውን እያደባለቁ ደንበኛው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጣዕም እንዲያገኝ አደረጉ። የብሌንድድ ጥበብ ዛሬም ይኸው ነው። አዲስ አበባ የከፈታችሁት ጠርሙስና ዋሽንግተን የከፈታችሁት ጠርሙስ እኩል ይቀምሳሉ።

«እውነተኛ ጠጪ ሲንግል ሞልት ነው የሚጠጣው» የሚል አባባል በየቦታው ትሰማላችሁ። አልስማማም። ሲንግል ሞልት የአንድ ቦታን ጠባይ ሳይሸፍን ያሳያል። ጠባዩ ካልተስማማችሁ ግን ውድነቱ አያድናችሁም። ብሌንድድ ደግሞ ለሠርግ፣ ለጨዋታ፣ በበረዶና በአምቦ ውሃ ለመጠጣት ተብሎ የተሠራ ያህል ይመቻል። የዕድሜ ቁጥር የሌለው ርካሽ ሲንግል ሞልት ከምትገዙ ጥሩ ባለ 12 ዓመት ብሌንድድ ብትገዙ የምትረኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከብሌንድዶቹ መካከልም ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሬድ ሌብል ወጣትና ቆንጠጥ የሚያደርግ ነው፤ ለብቻው ሲጠጣ ሻካራ ይመስላል፤ በሶዳ ወይም በዝንጅብል መጠጥ ግን ይነሳል። ጄ ኤንድ ቢ ፈዘዝ ያለና ቀላል ነው። ባለንታይንስ ፋይነስት ለስላሳና ጣፈጥ ያለ። ፌመስ ግራውስ ውስጥ የሼሪ በርሜል ጣዕም ይሰማል። ቲቸርስ በርካሾቹ መካከል ጭሱ ጎላ ያለ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ በቀላሉ የምትፈትኑበት ጥንድ ልስጣችሁ፤ ብላክ ሌብልና ቺቫስ 12። ሁለቱም ብሌንድድ ናቸው። ሁለቱም 12 ዓመት። ሁለቱም 40 በመቶ። አዲስ አበባም ውስጥ ሆነ ውጭ አገር ሁለቱንም የማያገኝ የለም። በሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ቅዱና አሽትቱ። ቺቫስ የበሰለ ፖምና ማር ይላል፤ ልቡ ያለው ኪዝ ከተማ በሚገኘው ስትራዝአይላ ዲስቲለሪ ነው። ብላክ ሌብልን ስታሸቱ ከሥሩ ቀጭን ጭስ አለ። ያ ጭስ ከኩል ኢላና ከታሊስከር ዲስቲለሪዎች የመጣ ነው። ብላክ ሌብል ለዓመታት የጠጣ ሰው ሳያውቀው ጭስ ሲጠጣ ኖሯል ማለት ነው። የትኛው እንደሚሻላችሁ ለራሳችሁ ከመለሳችሁ የመንገዱ ግማሽ አለቀ።

በመካከል ያለ አንድ ምድብ አለ፤ ብሌንድድ ሞልት። የብዙ ዲስቲለሪዎች ሞልት ይደባለቃል፤ ግሬይን የለበትም። መንኪ ሾልደር ጣፋጭና ለስላሳ ነው። ጆኒ ዎከር ግሪን ሌብል 15 ዓመት ነው፤ ታሊስከር፣ ኩል ኢላ፣ ሊንክዉድና ክራጋንሞር አሉበት። ግሪን ሌብል በዋጋው የሚገባውን ያህል ክብር ያላገኘ ውስኪ ነው ብዬ አምናለሁ።

በርሜሉ ብዙውን ይወስናል

ውስኪ ከመዳብ ጋኑ ሲወጣ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ቀለሙንም፣ ከጣዕሙ ትልቁን ድርሻም በርሜሉ ውስጥ ያገኘዋል። በየዓመቱ ከበርሜሉ 2 በመቶ ያህሉ በእንጨቱ በኩል ተንኖ ይጠፋል። ስኮትላንዶች «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል።

በአብዛኛው የምታገኙት ሁለት ዓይነት በርሜል ነው። የመጀመሪያው የቡርቦን በርሜል ነው። የአሜሪካ ሕግ ቡርቦን በአዲስና ውስጡ በተቃጠለ የኦክ ዕቃ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ስለዚህ አንዴ የሠራ በርሜል ለቡርቦን አይመለስም። ስኮትላንዶች ይገዙታል። 200 ሊትር ገደማ ይይዛል። የሚሰጠው ጣዕም ቫኒላ፣ ማር፣ ኮኮናት፣ ቀለል ያለ ፍራፍሬ ነው።

ሁለተኛው የሼሪ በርሜል ነው። ሼሪ በደቡብ ስፔን ሄሬዝ አካባቢ የሚሠራ፣ አልኮል ተጨምሮበት የበረታ ወይን ጠጅ ነው። ትልቁ በርሜል 500 ሊትር ይይዛል። ከዚህ የሚወጣ ውስኪ ዘቢብ፣ ቴምር፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀረፋ፣ ጠቆር ያለ ቸኮሌት ይላል። ምላስ ላይም ወፈር ይላል።

ልዩነቱን በአንድ ምሽት ለማየት ግሌንሞራንጂ ኦሪጅናልና ግሌንድሮናክ 12 አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ። ግሌንሞራንጂ ከቡርቦን በርሜል የመጣ ነው። የዲስቲለሪው የመዳብ ጋኖች በስኮትላንድ ረጃጅሞቹ ናቸው፤ አንገታቸው ብቻ 5 ሜትር ያልፋል። ከባዱ እንፋሎት እላይ ሳይደርስ ተመልሶ ይወርዳል፤ የሚያልፈው ቀላሉ ነው። ብርጭቆውን ስታሸቱ ብርቱካን፣ ኮክ፣ ቫኒላ ይመጣል። ምላስ ላይ ቀጭን ነው፤ ቶሎ ይሄዳል። ከዚያ ግሌንድሮናክን አንሱ። በሁለት ዓይነት የሼሪ በርሜል ያደገ ነው፤ አልኮሉ 43 በመቶ። ቀለሙ ራሱ ወደ ቀይ ይሄዳል። ሽታው የታሸ ዘቢብና ቅመም ነው። ከዋጣችሁት በኋላ አፍ ውስጥ ይቆያል፤ መጨረሻው ላይ ምላስ ያዝ ያደርጋል፤ ያ የእንጨቱ ታኒን ነው። ሁለቱም ሲንግል ሞልት፣ ሁለቱም ሃይላንድ ከሚባለው የስኮትላንድ ክልል፣ ሁለቱም ያለ ጭስ። የሚለያያቸው ዋናው በርሜሉ ነው።

የቡርቦኑን መንገድ የወደደ ሰው ወደ ግሌንሊቬት 12 እና ግሌንፊዲክ 12 ይሂድ። ግሌንፊዲክ ውስጥ ጥቂት የሼሪ በርሜል አለ፤ ግን ጎልቶ የሚሰማው አረንጓዴ ፖምና ፒር ነው። ሁለቱም ማንንም አያስቀይሙም፤ ለስጦታ የሚመቹትም ለዚህ ነው። አንዳንድ ሰው «ተራ ናቸው» ይላቸዋል። እኔ ግን ንጹሕ አሠራራቸውን ለማድነቅ ብዙ መጠጣት አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ሼሪውን የወደደ ግሌንፋርክላስ 15ን ይፈልግ። ዲስቲለሪው ከ1865 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ነው፤ ዋጋውም ከጥራቱ አንጻር ጨዋ ነው። ማካላን ሼሪ ኦክ 12 ጥሩ ውስኪ ነው፤ ነገር ግን ከገንዘባችሁ ከፊሉ ለስሙ ይሄዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሼሪ ለምትቀምሱ ማካላን አያስፈልጋችሁም። አንድ ማስጠንቀቂያ፤ አንዳንዴ የሼሪ በርሜል ውስኪ የተጫረ ክብሪት የሚመስል ሽታ ይኖረዋል። ከድኝ የሚመጣ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ይወደዋል፣ አንዳንዱን ይገፋዋል።

መምረጥ ላልቻለ ደግሞ ባልቬኒ ደብልዉድ 12 አለ። ብዙውን ዕድሜውን በአሜሪካ ኦክ ይኖርና መጨረሻ ላይ ወደ ሼሪ በርሜል ይዛወራል። ማሩም አለ፣ ዘቢቡም አለ። ለጀማሪ አንድ ሲንግል ሞልት ምረጥ ብትሉኝ እጄ ወደዚህ ይሄዳል።

ጭሱ

ገብሱ ይዘፈዘፋል፤ ማብቀል ሲጀምር እድገቱ በሙቀት ይቆማል። ብቅሉ የሚደርቅበት እሳት ከፒት ከሆነ ጭስ ይገባበታል። ፒት ማለት ረግረግ መሬት ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ፣ ግማሽ የበሰበሰ ሣርና ሌላ ተክል ነው። በጸደይ በረጅም አካፋ ይቆረጣል፤ በነፋስ ይደርቃል፤ ከዚያ ይነዳል። ብቅሉ ገና እርጥብ እያለ ጭሱ ልጣጩ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ መፈጨቱም፣ ድፍድፉ መፍላቱም፣ መዳብ ጋን ውስጥ ሁለቴ መውጣቱም፣ በርሜል ውስጥ ዓመታት መተኛቱም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

በወይራ የታጠነ ጋን ውስጥ የተጠመቀ ጠላ ለጠጣ ሰው ጭስ በመጠጥ ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። ለዚህ ነው የኛ ሰው ጭስ ያለውን ስኮች ቶሎ ይለምደዋል ብዬ የማስበው። «ጀማሪ ጭስ አይነካም» የሚለውን የውጭ ሰዎች ምክር እንዳለ አትውሰዱት።

የጭሱ አገር አይላ ናት። በምዕራብ ስኮትላንድ ያለች፣ ወደ 3,000 ሰው የሚኖርባት ደሴት ናት። በደቡብ ዳርቻዋ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ ላፍሮይግ፣ ላጋቩሊንና አርድቤግ ተሰልፈዋል። ላፍሮይግና አርድቤግ በ1815፣ ላጋቩሊን በ1816 የተመሠረቱ ናቸው። ጎረቤታሞች ናቸው፤ ጣዕማቸው ግን አይምታታም።

ላፍሮይግ 10ን ስትከፍቱ ክፍሉ ሁሉ ይሰማል። አዮዲን፣ ፋሻ፣ የባሕር አረም። መጀመሪያ የሚያሸት ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ «ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል» ይላል። ሲቀመስ ግን ከጭሱ በታች ጣፋጭ ነገር አለ፤ ጨውም አለ። አርድቤግ 10 አልኮሉ 46 በመቶ ነው። ጥቀርሻና ሬንጅ አለው፤ ግን ሎሚው ደማቅ ነው፤ ጭሱን ያነሳዋል። ላጋቩሊን 16 ከሦስቱ በጣም የረጋው ነው። ጭስ የገባበት ጥቁር ሻይ፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ መጨረሻ። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል። ሦስቱን ቀምሼ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ላጋቩሊንን እይዛለሁ።

ዲስቲለሪዎች የብቅሉን ጭስ በፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንቱ እንደሆነ) ይለካሉ። ታሊስከርና ሌላው የአይላ ዲስቲለሪ ቦሞር ከ20 እስከ 25 አካባቢ ናቸው፤ ላጋቩሊን 35 ገደማ፣ ላፍሮይግ ከ40 በላይ፣ አርድቤግ 55 ገደማ። ቁጥሩ የተለካው ብቅሉ ላይ ስለሆነ ብርጭቆ ውስጥ ያለውን በትክክል አይነግራችሁም። የጋኑ ቅርጽና የበርሜሉ ዕድሜ ይቀይሩታል። ደረጃውን ለመገመት ግን ይረዳል።

ስለዚህ እንዲህ ውጡ። ከብላክ ሌብል ቀጥሎ ሃይላንድ ፓርክ 12። ይህ በሰሜን ኦርክኒ ደሴት የሚሠራ ነው፤ ማርና የሼሪ በርሜል አለው፤ ጭሱ ለዘብ ያለ ነው። ከዚያ ታሊስከር 10፣ ከስካይ ደሴት። 45.8 በመቶ ነው፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ አለበት፤ ጉሮሮ ላይ ሲወርድ ያሞቃል። ጥብስ ከበላችሁ በኋላ ታሊስከርን ሞክሩት። ከዚያ ኩል ኢላ 12፤ ከብላክ ሌብል ሥር ያገኛችሁት ጭስ እዚህ ራሱን ችሎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ወደ ሦስቱ ጎረቤቶች ግቡ። ባር ካለ ሙሉ ጠርሙስ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ መለኪያ አዝዙ። ላፍሮይግን ያልወደደ ሰው ጠርሙሱን ለዓመታት ያስቀምጠዋል።

ከአይላ የመጣ ሁሉ ጭሳም አይደለም። ቡናሃቨን 12 እና ብሩክላዲ ክላሲክ ላዲ እዚያው ደሴት ላይ ያለ ጭስ የሚሠሩ ናቸው። ቡናሃቨን ለውዝ ለውዝ የሚል ድንቅ ውስኪ ነው።

ክልሉ ምን ያህል ይረዳል?

ሕጉ አምስት ክልሎችን ይጠብቃል፤ ስፔይሳይድ፣ ሃይላንድ፣ ሎውላንድ፣ አይላና ካምበልታውን። ስፔይሳይድ ውስጥ ወደ 50 ዲስቲለሪዎች ተጨናንቀዋል። ከመካከላቸው ጆርጅ ስሚዝ በ1824 ሕጋዊ ፈቃድ ያወጣበት ግሌንሊቬት አለ። ስሚዝ ፈቃድ በማውጣቱ በድብቅ የሚያወጡት ጎረቤቶቹ ጠመዱት፤ ሁለት ሽጉጥ ይዞ ይሄድ ነበር። ሎውላንድ ቀላልና ለስላሳ ውስኪ ይሰጣል። ከግላስጎ አጠገብ ያለው ኦከንቶሸን እንደ አይሪሾቹ ሦስት ጊዜ ያወጣዋል፤ ስለዚህ በጣም ቀላል ነው። ካምበልታውን በአንድ ወቅት ከ30 በላይ ዲስቲለሪዎች ነበሯት፤ ከዚያ ሁሉ ዛሬ ስሟን ይዘው የሚሸጡት ስፕሪንግባንክ፣ ግሌን ስኮሺያና ግሌንጋይል ናቸው። ስፕሪንግባንክን ካገኛችሁት በኋላ ላይ ሞክሩት፤ ለጀማሪ ውስብስብ ነው፤ ማግኘቱም ከባድ ነው።

ሃይላንድ በጣም ሰፊ ስለሆነ ስሙ ስለ ጣዕም ምንም አይነግራችሁም። ታሊስከርና ሃይላንድ ፓርክ እንኳ በሕጉ የሃይላንድ ናቸው። ካርታውን ለጉዞ ያዙት፤ ለግዢ ግን ጭሱንና በርሜሉን ጠይቁ።

በጠርሙሱ ላይ ያሉት ቁጥሮች

12 ማለት ውስጡ ካለው ሁሉ ትንሹ ዕድሜ 12 ዓመት ነው ማለት ነው። ሌላው ከዚያ ይበልጥ ይሆናል። ዕድሜ የሚቆጠረው በርሜል ውስጥ ነው። አባታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ 20 ዓመት ያቆዩት 12 ዓመት ውስኪ ዛሬም 12 ዓመት ነው።

የበለጠ ዕድሜ የበለጠ ዋጋ ያለው መላእክቱ ብዙ ስለወሰዱና ገንዘቡ ለረጅም ጊዜ ታስሮ ስለቆየ ነው። ጣዕሙ ግን ሁልጊዜ አብሮ አይወጣም። ጭስ በዕድሜ ይለዝባል፤ ስለዚህ ጭስ የሚወድ ሰው 10 ዓመቱ ከ25 ዓመቱ ሊስማማው ይችላል። በርሜል ውስጥ ከመጠን በላይ የቆየ ደግሞ እንጨት እንጨት ይላል፤ ይመራል። ለጀማሪ ከ10 እስከ 16 ባለው ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። 18 ዓመት ለመግዛት የምታወጡት ብር ሁለት የተለያዩ 12 ዓመት ጠርሙሶች ሊገዛ ይችላል፤ ሁለቱ ይበልጥ ያስተምሯችኋል።

ሰው የማያየው ቁጥር የአልኮል መጠኑ ነው። 40 በመቶ ዝቅተኛው ነው። 46 ሲደርስ የውስኪው ጣዕም ይሞላል፤ ብዙ ጊዜም ሳይቀዘቅዝ ስለተጣራ ዘይታማ ነገሩ አይወጣበትም። «ካስክ ስትሬንግዝ» የሚለው ውሃ ሳይገባበት ከበርሜሉ እንዳለ የታሸገ ነው፤ 60 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም።

አቀማመሱ

ሁለት ጠርሙስ ለማነጻጸር ሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆ ያስፈልጋል። ከሥሩ ሰፋ፣ ከአፉ ጠበብ ያለ ይሻላል፤ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይበቃል። ጥቂት ቅዱ። አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትክተቱ፤ አልኮሉ ያደነዝዛችኋል። አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ከጠርዙ ላይ አሽትቱ። ከዚያ ትንሽ ጎንጨት አድርጉና አፍ ውስጥ አዙሩት። የመጀመሪያው ጉንጭ ያቃጥላል፤ አትፍረዱበት። ከሁለተኛው ጀምሮ ነው ጣዕሙ የሚገባው። ጭሱን ሁልጊዜ መጨረሻ አድርጉት፤ ከላፍሮይግ በኋላ ግሌንሊቬት ውሃ ይመስላል።

ከዚያ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩ። ይህ ድክመት አይደለም፤ ቀማሾቹ ራሳቸው የሚያደርጉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ባሳዩት ጥናት፣ ጓያኮል የሚባለው የጭስ ጣዕም ያለው ሞለኪውል አልኮሉ ውሃ ሲገባበት ወደ ላይኛው ገጽ ይጠጋል። አፍንጫ የሚያገኘውም እዚያ ነው። በረዶ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ሽታውን ያፍነዋል። ሞቃት አገር ላላችሁ በረዶ ክልክል አይደለም፤ ግን ለማነጻጸር ስትቀምሱ ተዉት። አምቦ ደግሞ ከብሌንድዶቹ ጋር እጅግ ይስማማል። ላጋቩሊን ላይ አምቦ ማፍሰስ ግን ያሳዝናል።

ከሁለት ወይም ከሦስት መለኪያ በላይ በአንድ ምሽት ማነጻጸር አይቻልም። ምላስ ይደክማል፤ አራተኛው ላይ ሁሉም አንድ ይሆናል። በልታችሁ ጀምሩ፣ ውሃ ጠጡ፣ መኪናውን ለሌላ ሰው ስጡ።

እንግዲህ የቱን ልግዛ?

ቺቫስ ከብላክ ሌብል ከበለጠባችሁና ቀለል ያለ ነገር ከወደዳችሁ ግሌንሞራንጂ ኦሪጅናል ወይም ግሌንሊቬት 12። ጣፈጥ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ከእራት በኋላ የሚጠጣ ከፈለጋችሁ ግሌንድሮናክ 12። የብላክ ሌብል ሰው ከሆናችሁ መጀመሪያ ግሪን ሌብል፣ ከዚያ ታሊስከር 10። ታሊስከር «ጭሱ አነሰኝ» ካስባላችሁ አርድቤግ ይጠብቃችኋል። ለአማት ወይም ለአለቃ ስጦታ ከሆነና ምን እንደሚወዱ ካላወቃችሁ ባልቬኒ ደብልዉድ 12 ያኮራል። ለብዙ እንግዳ ደግሞ ብሌንድድ ግዙ፤ ሲንግል ሞልት በሶዳ ተደባልቆ ሲጠጣ ማየት ለገዢው ይቆረቁራል።

የምትገዙት ከሱቅ ከሆነ ክዳኑ ላይ ያለውን ማሸጊያ እዩ። የተላጠ፣ የተጠማዘዘ፣ ዳግም የተለጠፈ የሚመስል ከሆነ ተዉት። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በግማሽ ካነሰ ምክንያት አለው።

የከፈታችሁትን ጠርሙስ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እንደ ወይን አታጋድሙት፤ ጠንካራው አልኮል ቡሹን ይበላዋል። ፀሐይ አይንካው። ሞልቶ ያለ ጠርሙስ ከተከፈተ በኋላ አንድ ዓመትም ደህና ይቆያል። ሲሶው ብቻ የቀረ ግን አየር ስለሚበዛበት ጣዕሙ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጭሳሞቹ ላይ ደግሞ ይህ ቶሎ ይታወቃል። እዚያ ሲደርስ ጓደኛ ጠርታችሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ጨርሱት።